ባሕር ዳር እናቱን ይዞ ለሚሄድ ሰው፦ ምስጋናና ጥቆማ

ሰሞኑን እናቴን ይዤ ባሕር ዳር ሰንብቼ ነው የመጣሁት። ያረፍነው መሀል ከተማ፣ ከጣና ዳር ብዙም ሳይርቅ፣ ዋጋው ከማይቀመስ ባለ ኮከብ ሆቴል ነው። ይህን የምጽፈው ግን እንግዳ መቀበያው ላይ የማታ ፈረቃ ለምትሠራ አንዲት ልጅ ነው። ስሟን ልጥቀስ ብላት «ተው፣ ባልደረቦቼ ይቀየሙኛል» ስላለችኝ ትቼዋለሁ። የሆቴሉን ስም የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

ክፍል የያዝኩት ወደ ሐይቁ የሚያየውን፣ በጭማሪ ክፍያ ነበር። ልጅቷ መታወቂያችንን እየመዘገበች እናቴ «ጊዮርጊስ በየት በኩል ነው?» ብላ ስትጠይቅ ሰማች። ቀና አለችና «እማማ፣ ሌሊት የሰዓታት ጸሎት ሲቆም መስማት ይፈልጋሉ?» አለቻት። እናቴ ፊቷ በራ። ልጅቷ ወደ እኔ ዞራ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በኩል ያለው ክፍል የባጃጅ ጡሩንባ እንዳለበት፣ ዋጋው ግን እንደሚቀንስ ሳትደብቅ ነገረችኝ። ውድ ክፍል ይዞ የመጣን እንግዳ ወደ ርካሹ የሚመራ ሠራተኛ ሌላ ቦታ አላየሁም። እኔ በጡሩንባው ተነጫነጭኩ፣ እናቴ ግን ሌሊት እየተነሳች መስኮቱን ከፍታ ስትሰማ አደረች።

ቀጥሎ የመጣው የምግብ ጉዳይ ነው። ጊዜው ሁዳዴ ነበር። የክፍሉ ዋጋ ቁርስን ይጨምራል፣ እናቴ ደግሞ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውሃ እንኳ አትቀምስም። አንዱ አስተናጋጅ በቅንነት «የጾም ነው» ብሎ የጣናን ዓሣ ሲያቀርብላት «በሁዳዴ ዓሣ!» ብላ አማተበች። (ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ እንዳትጀምሩብኝ።) ይህን ለልጅቷ ስነግራት ከማእድ ቤቱ ጋር ተነጋግራ የእናቴን ቁርስ ወደ ዘጠኝ ሰዓት አዛወረችው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ቅዳሴ አስቀድሳ ስትመለስ ትኩስ ሽሮና ጎመን፣ ተልባም ጭምር ይጠብቃታል። ሒሳቡ ላይ የተጨመረ ነገር የለም።

ከሁሉ የጠቀመን ግን በጣና ዳር ስላሉት የዘጌ ገዳማት የሰጠችን ምክር ነው። እኔ አስቤ የነበረው የደሴቱን ገዳም ክብራን ገብርኤልን ነበር፤ ቅርብ ነው ብዬ። «እማማን ጀልባው ላይ ትተህ ብቻህን ልትገባ ነው?» አለችኝ። ክብራን ሴት አይገባበትም። ዘጌ ያለውን ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሴቶችም እንደሚሳለሙት፣ ነገር ግን ከጀልባ ከተወረደ በኋላ በቡናው ጫካ ውስጥ ድንጋያማ ዳገት እንዳለ አስረዳችን፣ ለእናቴም ምርኩዝ ፈልጋ ሰጠቻት። ቀኑን የመረጠችልንም እሷ ናት። «በአዘቦት ቀን በጾሙ ቅዳሴ ከሰዓት ነው፣ ስትመለሱ ንፋሱ ተነስቶ ማዕበል ይይዛችኋል። ቅዳሜ ጠዋት ቅዳሴ ስለሆነ በማለዳ ሂዱና ሳይነፍስ ተመለሱ» አለች። እንዳለችው አደረግን። እናቴ የመቅደሱን ግድግዳ ሥዕል አንድ በአንድ እያየች፣ የምታውቀውን ቅዱስ በስሙ እየጠራች ዞረችው። ስንመለስ ሐይቁ ገና መናወጥ መጀመሩ ነበር። የጀልባውንም ዋጋ ልጅቷ ቀድማ ስለነገረችን ወደቡ ላይ አልተከራከርንም።

እንከን የለውም አልልም። ዋይፋዩ ከመቀበያው ክፍል አያልፍም፣ ሙቅ ውሃውም ማለዳ ላይ ያስጠብቃል። ለሥራ የሚሄድ ሰው ይህን ይወቅ።

ስንወጣ ጉርሻ ሰጠኋት፤ ሳትግደረደር ተቀበለች፤ ደግ አደረገች። እናቴም ተራዋን ጠብቃ መረቀቻት። ምርቃቱ ሲረዝም ከኋላችን ሻንጣ ይዘው የቆሙት እንግዶች ሁሉ «አሜን» ማለት ጀመሩ።

አረጋዊ ይዛችሁ የምትሄዱ፣ ስትደውሉ በቀጥታ የማታ ፈረቃውን ጠይቁ። ክፍል ከመያዛችሁ በፊት ጾም እንደሆነ፣ ጉልበት የሚያመው ሰው እንዳለ፣ ወዴት መሳለም እንደምትፈልጉ ንገሯት። የሆቴሉ ኃላፊዎችም ይህ ጽሑፍ ከደረሳችሁ፣ ማንን እንደማመሰግን የፈረቃ መዝገቡ ይነግራችኋል።