የአይጥ ወጥመድ ለደሴና ለኮምቦልቻ፦ የትኛው ይበረክታል?

ወጥመድ ሻጭ «ይሄ ስንት ጊዜ ያገለግላል?» ሲባል «እንደ አያያዝህ ነው» ይላል። እውነቱን ነው፤ ግን ከአያያዙ በፊት አየሩን ማየት ይሻላል። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳምና ጭጋጋም ከተማ ናት። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዳ ትሞቃለች፤ መጋዘንና አቧራም ይበዛባታል። ለአንዷ የሚበረክተው ለሌላዋ ላይበረክት ይችላል።

ሙጫ የተቀባው ካርቶን ዕድሜው ከሁሉም ያጥራል። ወፍጮ ቤት ወይም እህል መጋዘን ከገባ ዱቄቱ ላዩ ላይ ይነጠፍና አይጥ ረግጣው ታልፋለች። ደሴ ላይ ደግሞ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ሙጫው ይጠነክራል፤ ትንሿን ይይዝ ይሆናል እንጂ ትልቋ ተላቃ ትሄዳለች። የተያዘችውም በሕይወት እያለች ስለምትንጫጫ ጠዋት መግደሉ የእናንተ ሥራ ነው። ርካሽ ይመስላል፣ ቶሎ ቶሎ ሲገዛ ግን ያስወጣል።

ለመኖሪያ ቤት እኔ የምመርጠው ባለሞላውን ነው። በደንብ ከተያዘ ዓመታት ያገለግላል። ሞላው ቶሎ አይደክምም፤ መጀመሪያ የሚበላሸው ማባበያው የሚቀመጥበት ምላስ ነው። እሱ ሲዝግ አልንቀሳቀስ ይላል፣ አይጧ በልታ ትሄዳለች፣ ወጥመዱ እንደተወጠረ ያድራል። የጣውላው ዓይነት ሐምሌና ነሐሴ ላይ እርጥበት ጠጥቶ ስለሚያብጥ ደሴ ውስጥ መደቡ ብረት ወይም ፕላስቲክ የሆነውን ውሰዱ። ሱቅ ውስጥ ሳላችሁ ወጥሩትና ምላሱን በእስክሪብቶ ጫፍ ነካ አድርጉት፤ ወዲያው ካልዘጋ መልሱለት። በጣት ግን አትሞክሩት፣ የትልቁ አይጥ ወጥመድ አጥንት ይሰብራል።

ማባበያውም ከወጥመዱ ዕድሜ ይቆጠራል። ዳቦ ይሻግታል፣ ሥጋ ጉንዳን ይጠራል። የተቆላ ለውዝ ወቅጦ ምላሱ ላይ መቀባት ይሻላል፤ ተጎትቶ አይወሰድም። በየሁለት ሦስት ቀኑ ቀይሩት። ትልቋ አይጥ አዲስ ዕቃ ስለምትፈራ መጀመሪያ ጥቂት ቀን ሳትወጥሩ ማባበያውን ብቻ አስለምዷት። የቤቷ ትንሽ አይጥ እንዲያ አትጠራጠርም፣ በመጀመሪያው ሌሊት ልትገባ ትችላለች። ወጥመዱን ግድግዳ ሥር፣ ምላሱ ወደ ግድግዳው ዞሮ አስቀምጡት፤ አይጥ ግድግዳ ታክካ ነው የምትሄደው።

የሽቦ ሳጥኑ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ቦታም ይይዛል። ለኮምቦልቻ መጋዘን ግን እሱን ግዙ፤ አቧራ ብዙም አይጎዳውም፣ እህል አጠገብ ደም አይፈስበትም፣ ዶሮ ወይም ድመት ብትገባበት ከፍቶ መልቀቅ ይቻላል። ስትገዙ በሩ ሲዘጋ ክፍተት እንዳይተው እዩ፤ ትንሽ አይጥ ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች በሆነ ቀዳዳም ትሾልካለች። ከያዘ በኋላ በሙቅ ውሃ አጥባችሁ ፀሐይ ላይ ካደረቃችሁት ዝገቱ ይዘገያል።

መርዝ ከነዚህ ጋር የሚወዳደር አይመስለኝም። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ዓይነት አይጧን የሚገድለው ከቀናት በኋላ ስለሆነ ጣሪያ ውስጥ ሞታ ትሸታለች፤ የሞተችውን የበላች ድመትም ልትመረዝ ትችላለች። መጠሪያና መመሪያ የሌለው በፌስታል የተቋጠረ ዱቄት ደግሞ ልጅ ያለበት ቤት ጨርሶ አይግባ። ሰው ቢውጠው ሐኪሙ የመርዙን ዓይነት ማወቅ አለበት፤ ደም እንዳይረጋ ለሚያደርገው ቫይታሚን ኬ ይሰጣል፣ ዚንክ ፎስፋይድ የሚባለው ሌላው የአይጥ መርዝ ግን ማርከሻ የለውም።