ከኦቦዬ ጋር 14 ወር፦ ስገዛው ያልሰማሁት

ኦቦ እጫወታለሁ ስል ከዘመድ ወዳጅ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ኦቦ ማን?» በኦሮምኛ «አቶ» ማለት ነውና ቀልዱ አይቀርልኝም። እናቴማ ጭራሽ ስም አውጥታለታለች። «ኦቦ እንጨቱ» ነው የምትለው።

መሣሪያውን ለማያውቅ፣ ኦቦ ክላሪኔት የሚመስል፣ ግን ቀጠን ያለ፣ ወደ 65 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ጥቁር የትንፋሽ መሣሪያ ነው። ኦርኬስትራ ሊጀምር ሲል አንድ ሰው «ኤ» የሚባለውን ድምፅ አስረዝሞ ይነፋና ሌላው ሁሉ በእሱ ይቃኛል አይደል? ያ ሰው ኦቦ ተጫዋቹ ነው። እኔ አይደለሁም ታዲያ። ሥራዬ ነርስነት ነው። ማክሰኞ ማታ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የአማተሮች ኦርኬስትራ ሁለተኛ ኦቦ ሆኜ እቀመጣለሁ።

አሮጌው ኦቦዬ ፕላስቲክ ነበር፤ ጀማሪ የሚማርበት ዓይነት። ስድስት ዓመት አገልግሎኛል፤ አላማርርበትም። ግን ሁለት ቁልፎች የሉትም። አንዱ የመጨረሻው ዝቅተኛ ድምፅ፣ የታችኛው ቢ ፍላት ነው። ኖታው ላይ ስትመጣ ዝም ብዬ አሳልፋታለሁ። ሌላው በግራ እጅ ትንሽ ጣት የሚነካው ኤፍ ነው። ይሄኛው ነው ያንገሸገሸኝ። እሱ ከሌለ ከዲ ወደ ኤፍ ለመሄድ የቀኝ እጅ የቀለበት ጣት ከቀዳዳው ወደ ቁልፉ መንሸራተት አለበት። ካልሆነም መሀል ጣትን አንስቶ በሌላ አያያዝ መንፋት ይቻላል፤ ድምፁ ግን ጉንፋን የያዘው ሰው ይመስላል። በዝግታ ሲሆን ምንም አይደል። ሲፈጥን ጣቴም ልቤም ይደናበራል።

ዕቁብ ሲደርሰኝ ወሰንኩ። ስምንት ሺህ ዶላር ጥቂት ፈሪ። ባለቤቴ «ለእንጨት?» ብሎ አንዴ ጠየቀና ተወኝ።

እዚህ አሜሪካ የትንፋሽ መሣሪያ ሻጮች ጥሩ ልማድ አላቸው። ሁለት ሦስት ኦቦ በፖስታ ይልካሉ፤ ሳምንት ያህል ቤት ሞክሮ ያልፈለጉትን መመለስ ነው። መላኪያና ኢንሹራንስ ከራስ ኪስ። ለእኔ ሦስት መጣልኝ። ስም ከተነሣ ከ1881 ጀምሮ ፓሪስ የሚሠራው ሎሬ አለ፤ የለንደኑ ሃዋርዝ፣ የጃፓኑ ያማሃ፣ የኢንዲያናው ፎክስም አሉ። የእኔን ስም ግን አልጠራም። ለመደበቅ አይደለም። ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ሞዴል የወጡ ሁለት ኦቦዎች ወንድማማች እንጂ መንታ አይደሉም። እኔ የወደድኩትን ስም ይዛችሁ ብትሄዱ ሌላ ጠባይ ያለው ሊገጥማችሁ ይችላል።

የመጀመሪያው ቀን ሙከራዬ መሳቂያ ነበር። እናቴን ሳሎን ውስጥ ጀርባዋን አስዙሬ አስቀመጥኳትና ሦስቱንም በየተራ ትዝታ ነፋሁባቸው። «የመጀመሪያው! እሱ አንጀት ይበላል» አለች። እኔም የመረጥኩት እሱን ነበርና ደስ አለኝ። ቡና ጠጣንና ሳልነግራት ቅደም ተከተሉን ቀይሬ ደገምኩት። ያው ኦቦ ሦስተኛ ሆኖ ሲመጣ፣ «ይሄስ ጉሮሮውን የታነቀ ነው» ብላ አረፈችው።

ስቄ ስቄ ሳበቃ ነገሩ ገባኝ። የተለወጠው ኦቦው ሳይሆን ሪዱ ነው። ሪድ ማለት አፍ ውስጥ የሚገባው፣ ከሁለት ስስ የሸምበቆ ስንጥሮች የተጠፈረው ነገር ነው። አዎ፣ ያው ወንዝ ዳር የምናውቀው ሸምበቆ። ከመጀመሪያው እስከ ሁለተኛው ዙር ሪዱ ውሃ ጠጥቶ ደክሞ ነበር። እናቴ ስትመርጥ የነበረው ሪድ ነው። እኔም እንደዚያው።

በማግስቱ ነገሩን ገለበጥኩት። ምርጡን ሪድ አስቀምጬ ሦስት ሪዶች ያዝኩ፤ አንዱ ሊጣል የደረሰ ነበር። መቃኛውን ጠረጴዛው ላይ ከፈትኩ፤ ድምፁ ልክ ሲሆን መርፌው መሀል ይቆማል፣ ከልኩ ሲያልፍ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ዜማ የለም፤ አንድ አንድ ድምፅ ብቻ፣ ረዥም፣ ከታች ወደ ላይ። ድምፁ ያማረው ኦቦ ከላይኛው ኢ ጀምሮ መርፌውን ወደ ቀኝ ይሰደው ጀመር። ሁለተኛው በለሆሳስ ሲነፉት ታች ያሉት ድምፆች አልወጣ አሉ። ሦስተኛው፣ እናቴ ስሙን እንኳ ያላነሳችው፣ በመጥፎውም ሪድ መርፌው መሀል ላይ ቁጭ አለ። ድምፁ ያን ያህል አይደለም። ይነፋል፣ በቃ።

አስተማሪዬ ሁለት ፍተሻ ጨመረልኝ። የላይኛውን ክፍል ለብቻ ይዞ ቀዳዳዎቹን ደፍኖ ታችኛውን ጫፍ በመዳፍ ከድኖ መሳብ፤ አየር የማያስገባ ከሆነ ምላስ ላይ ይጣበቃል። ከዚያ የሲጋራ ወረቀት ቆርጦ በየፓዱ (ከቁልፉ ሥር ሆኖ ቀዳዳውን በሚደፍነው ለስላሳ ነገር) ሥር አስገብቶ ቀስ ብሎ መጎተት፤ ዙሪያውን እኩል ካልያዘ ፓዱ ያፈሳል ማለት ነው። ሦስተኛው ሁለቱንም አለፈ። እሱን ገዛሁ፤ አዲስ፣ የግሬናዲላ እንጨት። በነገራችን ላይ ይህ እንጨት ውሃ ውስጥ ቢጥሉት የሚሰምጥ ከባድ እንጨት ነው። ለመሣሪያ የሚሆነው በብዛት የሚመጣው ከታንዛኒያና ከሞዛምቢክ ነው፤ ዛፉ ግን በእኛም አገር በመተማ ቆላ ይበቅላል። ለእናቴ ይህን ስነግራት ዋጋው የበለጠ አናደዳት።

አሁን 14 ወር ሆኖታል።

የመጀመሪያው ወር አሰልቺ ነው። አዲስ እንጨት ቀስ ተብሎ ነው እርጥበት የሚለምደው። በቀን 15 ደቂቃ፣ ከዚያ ጠርጎ ማስቀመጥ። ስምንት ሺህ ከፍሎ 15 ደቂቃ! ለልምምድ አሮጌውን ይዤ መሄዴን ቀጠልኩ።

ሰሚ ልዩነቱን ይሰማል? አይሰማም። በአሮጌውና በአዲሱ የቀዳሁትን ለወንድሜ አሰማሁት፤ ሁለቱም አንድ ናቸው አለ። የሰማው አጠገቤ የሚቀመጠው አንደኛ ኦቦ ብቻ ነው። ሽማግሌ ነው፣ ወሬ አያበዛም። አዲሱን ይዤ በመጣሁ በሦስተኛው ሳምንት «ድሮ ድምፅሽን ፍለጋ እወጣ ነበር፤ አሁን እዚያው ነሽ» አለኝ። ከንፈሬም ያውቀዋል። ድሮ 40 ደቂቃ ላይ ይከዳኝ ነበር፤ እያንዳንዱን ድምፅ በከንፈር ወደ ቦታው ስጎትት ስለምውል ነው ለካ። አሁን የሁለት ሰዓቱን ልምምድ እጨርሳለሁ። ለከፈልኩት ገንዘብ ያገኘሁት ይሄንን ነው፤ አለመድከም። ሳምንቱን ሙሉ ቤቴ ስነፋ ይህን አልሰማሁትም ነበር።

የግራው ኤፍ ግን ወዲያው አልሠራልኝም። ቁልፉ መጣ እንጂ ጣቴ የድሮውን አልረሳም። ሦስት ወር ፈጀብኝ።

ወደ ጉዱ እንምጣ። ጥር ላይ ተሰነጠቀ። ከላይኛው ክፍል፣ ከትሪል ቁልፉ (ሁለት ድምፅ በፍጥነት ለማፈራረቅ ከሚነካው) ቀዳዳ የወጣች ፀጉር የምታህል መስመር። ልቤ ቀጥ አለ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከብርድ መኪና አውጥቼ፣ በእጄ ሳላሞቀው ትኩስ ትንፋሽ ለቀቅኩበት። ውስጡ ሞቆና ረጥቦ ሲያብጥ ውጭው ገና ቀዝቃዛና ደረቅ ነው፤ እንጨት ይህን አይችልም። ቤታችንም በዚህ አገር ክረምት ማሞቂያ የአየሩ እርጥበት ወደ 22 በመቶ ወርዶ ነበር። ጠጋኙ ግን አልደነገጠም፤ ለእሱ የክረምት እንጀራ ነው። በትንንሽ ፒኖች ሰፍቶ፣ ሞልቶ መለሰልኝ። የአንድ ዓመት ዋስትናው ውስጥ ስለሆነ የከፈልኩት የፖስታውን ብቻ ነው። ሁለት ሳምንት ያለ እሱ ቆየሁ። የድምፅ ልዩነት የለውም፤ መስመሯንም ካላሳየኋችሁ አታዩአትም። ከዚያ ወዲህ ሳጥኑ ውስጥ እርጥበት መስጫ አለ፣ ከመንፋቴ በፊትም አምስት ደቂቃ ብብቴ ሥር ነው።

ሌላው ብሎኖቹ ናቸው። ቁልፎቹን እርስ በርስ የሚያናብቡ ደቃቅ ብሎኖች ተደርድረዋል፤ አየሩ በተለወጠ ቁጥር አንዷ ሩብ ዙር ትላወሳለች፤ ግማሹ መሣሪያ ዝም ይላል። እኔ ሦስቱን ለይቻለሁ። ሌላውን አልነካም።

ሪድ ደግሞ የማያቋርጥ ወጪ ነው። በእጅ የተሠራ አንዱን በ25፣ በ30 ዶላር እገዛለሁ፤ ሦስት ሳምንት ከቆየ ጀግና ነው። በ14 ወር ያወጣሁትን ደምሬዋለሁ፣ ለባለቤቴ ግን አልነገርኩም። ከአውሮፓ ሆናችሁ ለምትሞክሩ አንድ ነገር ልብ በሉ። እዚህ የሚነፋው ረዥም የተፋቀ ሪድ ነው፤ ከ1915 እስከ 1954 ፊላዴልፊያ ኦርኬስትራ ውስጥ የነበረው ፈረንሳዊው ማርሴል ታቢቶ የተወው ዘይቤ ነው። አውሮፓ ግን አጭር ይፋቃል። ከፍራንክፈርት የመጣች ጓደኛዬ የራሷን ሪድ የእኔ ኦቦ ላይ ሰክታ ነፋች፤ ያ የማይነቃነቅ መርፌ ወዲያ ወዲህ ጨፈረ። ስለዚህ ስትሞክሩ የሻጩን ሪድ ሳይሆን ዘወትር የምትነፉበትን ያዙ።

አሮጌውን ፕላስቲክ አልሸጥኩትም። በአሜሪካ የነፃነት ቀን፣ ጁላይ 4፣ ፓርክ ውስጥ ፀሐይ ላይ ስንጫወት አዲሱን ለማውጣት አልደፈርኩም፤ እሱን ይዤ ወጣሁ። ቢ ፍላቷ ስትመጣ እንደ ድሮው ዝም አልኩ።