አዲስ አበባ በክረምት የመስታወት ጥበብ ልትማሩ ካሰባችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት

ዘንድሮ ክረምት አገር ቤት ገብቼ ከዘመድ ጥየቃው ጎን ለጎን የባለቀለም መስታወት ሥራ የተጠናከረ ኮርስ ወሰድኩ። አስተማሪው ግሩም ሰው ነው። ኮርሱን የሚያስተዳድረው ቢሮ ግን ከውጭ የገባን ሰው እንደ ጥገት ላም ነው የሚያየው። የገንዘቡ ጉዳይ ገና በሽማግሌ የተያዘ ስለሆነ የድርጅቱን ስም አልጠራም። የሆነውን ግን እጽፋለሁ፤ ለመጪው ክረምት የሚዘጋጁ ብዙ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁና።

እንደ እኔ አሜሪካ፣ ሲያትል የሚኖር ሰው ከመስታወት ጋር ሳይተዋወቅ መኖር አይችልም። ስመ ጥሩው የመስታወት ጥበበኛ ዴል ቺሁሊ የጎረቤቷ የታኮማ ከተማ ልጅ ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. ከሃውበርግ ባልና ሚስት ጋር የመሠረተው የፒልቸክ ትምህርት ቤት ከከተማው በስተሰሜን፣ ስታንውድ አጠገብ ጫካ ውስጥ ነው፤ በየዓመቱ በእነሱ በጋ ከዓለም ዙሪያ ተማሪ ይመጣለታል። ፕራት የሥነ ጥበብ ማዕከል ደግሞ የእኛ ሰዎች ምግብ ቤቶች ካሉበት ከጃክሰን መንገድ ብዙም አይርቅም። እኔም የመስታወት አቆራረጥ የጀመርኩት እዚያው ሲያትል ነው። ሆኖም ይህን ሙያ እንድወደው ያደረገኝ ሲያትል አይደለም። በልጅነቴ ከትምህርት ቤት ወስደውን ያየሁት የአፈወርቅ ተክሌ የአፍሪካ አዳራሽ መስኮት ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአማርኛ፣ ከአገሬ ልጆች ጋር የምማርበት ቦታ አለ ሲሉኝ አላመነታሁም።

በትምህርቱ ልጀምር፤ ምክንያቱም መመስገን ያለበት ሰው አለ። አስተማሪያችን መጀመሪያ ያደረገው ንድፉን በወረቀት አስለቅሞ እያንዳንዱን ቁራጭ ቁጥር ማስጻፍ ነው። ቀጥሎ መቁረጥ፣ ጠርዙን በውሃ መሞረድ፣ የመዳብ ጥብጣብ መጠቅለል፣ በመጨረሻም በመበየጃ ማያያዝ። በሁለተኛው ሳምንት ቁራጮቹን በጎድጎዱ ወደሚይዘው የእርሳስ ብረት ዘንግ ገባን፤ የቤተ ክርስቲያን መስኮቶች የሚሠሩበት የድሮው መንገድ ማለት ነው። ጥብጣቡ ለትንንሽና ለጠመዝማዛ ቁራጭ፣ ዘንጉ ለትልቅ መስኮት እንደሚሆን በቃል ብቻ አልነገረንም፤ አንዱን ንድፍ በሁለቱም መንገድ አሠርቶ በእጃችን አሳየን። እርሳስ መርዝ ነውና እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ቡና የሚያነሳ ሰው ካየ ይቆጣል፤ ክፍሉ የአየር ማውጫ ስለሌለው ዝናብ እየገባም ቢሆን መስኮት ያስከፍተን ነበር። ሲያትል ውስጥ የተሻለ ዕቃ እንጂ የተሻለ አስተማሪ አላየሁም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ከሲያትል ስደውል የተነገረኝ ዋጋ በብር ነበር፤ “ዕቃውን ጨምሮ ነው፣ ምንም አይጨነቁ” ተባልኩ። ግማሹንም በእህቴ በኩል አስከፈልኩ። መጀመሪያው ቀን ቢሮ ስገባ ጸሐፊዋ በትሕትና “እርስዎ ከውጭ ስለመጡ የእርስዎ በዶላር ነው” አለችኝ። በስልክ የነገሩኝስ? “እሱ የአገር ውስጥ ተማሪ ዋጋ ነው።” እህቴ የከፈለችውን ቀንሰው የቀረውን በዶላር አስልተው ሰጡኝ። ከአጠገቤ የምትቀመጠው የሥነ ጥበብ ተማሪ ከከፈለችው ከእጥፍ በላይ ሆነ። ልጅቷ ያነሰ በመክፈሏ ቅር አላለኝም፤ ለተማሪ ዋጋ መቀነሱ ደግ ነገር ነው፤ ለእኔ ቢጨምሩም እሺ። ግን ትኬት ሳልቆርጥ ይነገረኝ!

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ሦስተኛው ቀን ላይ ቀይና ብርቱካናማ መስታወት “ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ለብቻው ይታሰባል” ተባለ። እውነት ነው፣ የጠራ ቀይ መስታወት የትም አገር ውድ ነው፤ ሲያትልም እንደዚያው። ነገር ግን “ዕቃውን ጨምሮ” ሲባል ቀይ አይጨምርም ብሎ የሚያስብ ማን ነው? ቀጥሎ የመበየጃ ኪራይ፣ ቀጥሎ የምድጃ፣ መጨረሻ ላይ የምስክር ወረቀት። ደረሰኝ ስጠይቅ ደግሞ “ደረሰኝ ካስቆረጡ 15 በመቶ ቫት ይጨመራል” ተባልኩ። ማኅተም የሌለው ቁራጭ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ጽፈው ሰጡኝ። ያቺን ወረቀት አሁንም ይዣታለሁ። ሲያትል ውስጥ አንድ ኮርስ ስመዘገብ ዋጋው ውስጥ ያለውና የሌለው ሁሉ አስቀድሞ ተጽፎ ይሰጠኛል፤ የምገዛው ነገር ካለ እስከ መነጽሩና ጓንቱ ድረስ ዝርዝሩ አለ። ይህን ለመጻፍ ጄኔሬተርም ዶላርም አያስፈልግም።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን የምድጃው ነገር ነው። የመጨረሻው ሳምንት ትምህርት የተለያየ ቀለም መስታወት ደራርቦ በምድጃ ማቅለጥና ማዋሃድ ነበር። ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። መስታወቱ እስከ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሞቆ ይዋሃዳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ማብረድ ከማሞቁ ይብሳል። እኛ የተጠቀምንበት 90 የሚባለው ዓይነት (ቁጥሩ መስታወቱ ሲሞቅ የሚለጠጥበትን ልክ ነው የሚያመለክተው) 482 ዲግሪ አካባቢ ላይ ረግቶ መቆየት አለበት፤ ከዚያም ቀስ እያለ ይቀዘቅዛል። ከተጣደፈ ላዩና ውስጡ እኩል ስለማይሰበሰብ ይሰነጠቃል፤ አንዳንዴ ወዲያው፣ አንዳንዴ ከወራት በኋላ። ስለዚህ ምድጃው ሌሊቱን ሙሉ መብራት ሊያገኝ ይገባል። በክረምት አዲስ አበባ መብራት እንደሚጠፋ ደግሞ ከቢሮው የበለጠ የሚያውቅ የለም።

የእኔ ሥራ ለእናቴ ያሰብኩት የጠረጴዛ ሳህን ነበር፤ ዳርዳሩ አረንጓዴ፣ መሐሉ የመስቀል አበባ። ማታ ገባ፤ ሌሊት መብራት ሄደ። ጄኔሬተር አለ ተብሎ ነበር፤ ናፍጣ የለውም። ይህ እንኳ ብቻውን ቢሆን ክዳኑ እንደተዘጋ ከቆየ የመትረፍ ዕድል ነበረው፤ ጡቡ ሙቀት ይይዛል። ጠዋት ግን የሚቀጥለው ቡድን ዕቃ የሚገባበትን ቦታ ለማስለቀቅ ተብሎ አስተማሪው ሳይመጣ ምድጃው ገና ትኩስ እያለ ተከፈተ። ስደርስ ሳህኑ ከአበባው መሐል ጀምሮ እስከ ዳር ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ስንጥቁ ላይ ጣቴን ሳሳርፍ ገና ይሞቃል። አስተማሪው አይቶ ምንም ማለት አቃተው፤ ቢሮ ገብቶ ስለእኛ ሲጨቃጨቅ ድምፁ ይሰማ ነበር። የቢሮው መልስ “መብራት ኃይልን እኛ አናዝዘውም” የሚል ሆነ። እንደገና ለማስገባት ከፈለግኩም የምድጃውን ሂሳብ እንደገና እንድከፍል ተጠየቅኩ። መብራት ኃይልን ማንም አያዝም፤ ክዳኑን የከፈተው ግን መብራት ኃይል አይደለም።

ስለዚህ በስልክ ስትጠይቁ “ዕቃውን ይጨምራል ወይ” ብላችሁ አታቁሙ። የትኛውን ቀለም፣ ስንት ቁራጭ፣ የምድጃው ተጨምሮ ወይ፣ በብር ነው በዶላር፣ ደረሰኝ አለው ወይ ብላችሁ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ በቴሌግራም ቢሆንም ይበቃል። ለጄኔሬተሩም ናፍጣ አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ምድጃ ለሌለበት የጥብጣብና የእርሳስ ሥራ ግን ሳልፈራ ሂዱ እላለሁ፤ መበየጃ መብራት ሲመጣ ይቀጥላል፣ የሚበላሽ ነገር የለም።

የተጠቀምኩባቸው ሌሎች አገልግሎቶች ግን ቂሜን አለሳልሰውልኛል። ቀለም የሌለውን መስታወት የገዛሁት መርካቶ ከአንድ መስታወት ቤት ነው። አንድ ሸምገል ያሉ አባት መቁረጫቸውን ላምባ በነከረ ጥጥ ላይ ነካ አድርገው አንድ ጊዜ ብቻ ይስባሉ፤ መስመሩን አይደግሙትም። ከሥር መታ መታ አድርገው ሲይዙት በመስመሩ ላይ ይለያያል። አስተማሪያችን ለቀናት የነገረን ነገር ገባኝ፤ ሁለተኛ ከተሳበ መስታወቱ በፈለገው በኩል ይሄዳል። “ጋሼ፣ ያስተምሩኛል?” ብላቸው ቁርጥራጭ ሰብስበው ሰጡኝና “ልጄ፣ እነዚህን ጨርሰሽ ነይ” አሉኝ። ከተራው ሰው ዋጋ ሳንቲም አልጨመሩብኝም፣ አነጋገሬ ከውጭ መምጣቴን እየመሰከረብኝ።

አፍሪካ አዳራሽ እድሳቱ አልቆ በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ እንደገና ተከፍቷል። ግቢው የተባበሩት መንግሥታት ስለሆነ ፓስፖርት ያዙ፣ ፍተሻውንም ታገሡ። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ አዳራሽ በ1955 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት ነው፤ መስኮቱ 150 ካሬ ሜትር ነው፣ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ በሦስት ክፍል ይዟል። በልጅነቴ ያየሁት ቀለሙን ብቻ ነበር። አሁን ጥቁሩን የእርሳስ መስመር እየተከተልኩ የትኛው ቁራጭ እንዴት እንደተቆረጠ ሳይ ቆየሁ። ደመናው ገለጥ ሲል ቀለሙ ሁሉ አንድ ላይ ይነሳል። ሠዓሊው ይህን ሲሠራ ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ይህን እያየ ያደገ ከተማ እንዴት አንድ በደንብ የሚሠራ ምድጃ ያጣል? እያልኩ ነው የወጣሁት።

በጥብጣብ የሠራሁትን ፓነል በጋቢ ጠቅልዬ በሁለት ካርቶን መሐል አስሬ በእጅ ሻንጣ ይዤው መጣሁ፤ ሳይሰበር ደርሷል። የሳህኑ ሁለት ቁራጭ እናቴ ጋ ቀርቷል። የምድጃውንና የቀዩን መስታወት ገንዘብ እንዲመልሱ የጠየቅኩት ጥያቄ ይህን እስከምጽፍበት ቀን መልስ አላገኘም፤ ካገኘ እዚሁ እጨምራለሁ።