ይሉኝታ ወይስ ህሊና?

ሰውን ከክፉ ነገር የሚመልሰው ምንድን ነው? እኛ ዘንድ ሁለት ስም አለው።

ይሉኝታ ትርጉሙን ስሙ ይናገራል፤ «ሰው ምን ይለኛል» ነው። ዕቁብን እንይ። 12 ሰዎች በየወሩ 2,000 ብር ይጥላሉ እንበል። የመጀመሪያው ዕጣ የወጣለት 24,000 ብር ይዞ ይሄዳል፤ ገና 11 ወር መክፈል ይቀረዋል። ዋስ መጥራቱ አይቀርም። ከዋሱ በላይ የሚይዘው ግን ነገ ከዕቁቡ ዳኛና ከጎረቤት ጋር ዓይን ለዓይን መተያየቱ ነው። ይሄ ቀላል ጉልበት አይደለም። ስንቱ ሱቅ የተከፈተው በዚህ እምነት ነው!

ይሉኝታ ግን ተመልካች ይፈልጋል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የፊት ለፊት ጎረቤቱን ስም የማያውቅ ሰው ማንን ያፍራል? ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ደግ አይመራም። ተበድሮ ሠርግ የሚደግሰው አባት የሚታዘዘው እሱን ነው። ልጇ ላይ የደረሰውን በደል «ሰው እንዳይሰማ» ብላ የምትደብቀው እናትም እንዲሁ። ይሄኛው አንጀቴን ይበላዋል።

ህሊና ማንም በሌለበትም ይሠራል። አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ 50 ብር ሰጥቼ ረዳቱ የ100 ብር መልስ ሰጠኝ። ማንም አላየም። ማታ ሒሳብ ሲጎድልበት ታየኝና ሳልወርድ መለስኩለት።

እኔ ወደ ህሊና አደላለሁ። ልጄ የጓደኛዋን እርሳስ ይዛ ስትመጣ «ሰው ምን ይላል?» አልላትም። «እሷ ነገ በምን ትጽፋለች?» ነው የምላት።