እማዬን «እሺ» ያሰኛት ክትባት ጣቢያ

እ.ኤ.አ. በ2021 እማዬ 71 ዓመቷ ነበር። ስኳርም ግፊትም አለባት። የኮቪድ ክትባት ሲመጣ ቀድመው መከተብ ካለባቸው ሰዎች አንዷ እሷ ነበረች። የተከተበችው ግን ከሦስት ወር በኋላ ነው። ሁለተኛውንም ዙር ስለጨረሰች ስለ ሁለት ቦታ ልጻፍ። አንደኛው ሳትከተብ የመለሳት ነው፤ ስሙን አልጠራም። ሁለተኛው ሁለቱንም ዙር የወሰደችበት ነው። በሁለቱም ቦታ ይሰጥ የነበረው ያው አስትራዜኔካ የሚባለው የኮቪድ ክትባት ነው። ልዩነቱ አቀባበሉ ላይ ነው።

መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ በጠዋት ደረስን። ወንበር የለም። እማዬ ግድግዳ ተደግፋ ሁለት ሰዓት ቆመች። አራት ሰው ብቻ ነበርን። በመጨረሻ አንዱ ብቅ አለና «ሰው አልሞላም፣ ዛሬ አይከፈትም፣ ነገ ኑ» ብሎ በሩን ዘጋ። በቃ፣ ሌላ ቃል የለም።

ምክንያቱን የሰማሁት ኋላ ነው። አንዱ ብልቃጥ ለ10 ሰው የሚሆን ነው። አንዴ ከተከፈተ በ6 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ የተረፈው ይደፋል። ለአራት ሰው ቢከፍቱት የስድስት ሰው ክትባት ሊባክን ነው። ይሄ በቂ ምክንያት ነው። ለመናገር ደግሞ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። እማዬ ስንመለስ ታክሲ ውስጥ እንዲህ አለችኝ፦ «የሚያስፈልገኝ ነገር ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይመልሱኝም ነበር።» ይቺ ቃል ሦስት ወር በላችብን።

ያ ሰሞን ደግሞ እ.ኤ.አ. ማርች 2021 ነበር። የተወሰኑ ሰዎች ላይ የደም መርጋት ታየ ተብሎ ብዙ የአውሮፓ አገሮች አስትራዜኔካን ለጊዜው አቆሙ። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ ጉዳዩን መርምሮ ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣል አለ፤ አብዛኞቹም መልሰው ጀመሩ። እማዬ ጋ የደረሰው ግን የመጀመሪያው ዜና ብቻ ነው። መቆሙን በአንድ ቀን ከአምስት ሰው ሰማች። መቀጠሉን የነገራት ሰው የለም። ላዩ ላይ በቴሌግራም ይዞር የነበረው የድምፅ መልእክት ተጨመረ፤ የተከተበ ሰው ሁለት ዓመት አይኖርም የሚለው። ያን ድምፅ ሦስቴ ስታዳምጠው አይቻታለሁ።

እኔም አጠፋሁ። ቁጥር እየጠቀስኩ ተከራከርኳት፣ ተቆጣኋት። በተናገርኩ ቁጥር እልህ ያዛት። የዓለም ጤና ድርጅት ገና ኮቪድ ሳይመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2019፣ ክትባት ላይ ማመንታትን ከአሥሩ የዓለም ጤና ስጋቶች አንዱ ብሎት ነበር። የዘርፉ ሰዎች ለማመንታት ሦስት ምክንያት ያነሳሉ፦ አለመተማመን፣ በሽታውን ማቃለል፣ ክትባቱን እንደልብ አለማግኘት። እማዬ በሽታውን አላቃለለችም፤ ማስኳን ከፊቷ አታወርድም ነበር። የጎደላት እምነት ነው። እሱም የጎደለው ያን ቀን በር ላይ ነው። ስለዚህ የሚያመነታውን ሰው ሁሉ «ያልገባው» ሲሉት ስሰማ ይከፋኛል።

የእማዬን ሐሳብ ያስቀየረችው ጎረቤታችን ናት። እንደ እማዬ ስኳር አለባት፤ በዕድሜም እኩያዋ ናት። ተከትባ በሦስተኛው ቀን ቤት መጣች። እማዬ የሴትዮዋን እጅጌ ራሷ ሰብስባ ክንዷን አየች። መርፌው የገባበትን ቦታ በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አደረገችው። «ያምሻል?» «ትናንት ያመኝ ነበር፤ ዛሬ ደህና ነኝ።» ትንሽ ዝም አለችና ወደ እኔ ዞረች፦ «እስቲ እሷ የሄደችበት ቦታ ውሰጂኝ።» ሦስት ወር ሙሉ እኔ ያቃተኝን እሷ በአንድ ክንድ ጨረሰችው።

ወደ ሁለተኛው ቦታ ልምጣ። ጥላ ሥር ወንበር ተደርድሯል፤ ለየሰዉ ቁጥር ይሰጣል። በሩ ላይ ያለችው ልጅ በየጊዜው እየወጣች ታሳውቃለች፦ «አሁን ሰባት ሆናችኋል። ብልቃጡ ለአሥር ሰው ነው። ሦስት ሰው ሲጨመር እንከፍታለን።» ያለነው ሰዎች ስልካችንን አወጣን። አንዱ ወጣት አባቱን ጠራ። አንዷ እህቷንና የእህቷን ባል አስመጣች። አርባ ደቂቃ ሳይሞላ አሥር ሆንን። ያኛው ቦታ ሰው የመለሰበት ምክንያት እዚህ ሰው ጠራ። ይሄን ሳይ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር።

ውስጥ ያለችው ሲስተር ቆማ አላናገረቻትም። ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። «እማማ፣ ምኑ ነው የሚያሳስብዎት?» አለቻት። እማዬ አላፈረችም፣ አንድ በአንድ አወጣችው። ስለ ደም መርጋቱ ስትጠይቅ ሲስተሯ አላድበሰበሰችም። «አዎ፣ አጋጥሟል። በጣም በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው። አልዋሽዎትም» አለቻት። ከዚያ ምልክቶቹን ቆጠረችላት፦ ከተከተቡ ከጥቂት ቀናት በኋላ የሚመጣ፣ አልተው የሚል ከባድ ራስ ምታት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የእግር እብጠት፣ የማይለቅ የሆድ ሕመም። «ከነዚህ አንዱን ካዩ ሌሊትም ቢሆን ይምጡ።» እማዬ ትከሻዋን ስታላላ አየሁ። አለ የተባለው ነገር አለ መባሉ ነው ያሳረፋት።

«እንዴት በአንድ ዓመት ደረሰ?» ለሚለውም መልስ ነበራት። ጥናቱ ከዜሮ አልተጀመረም። ኮቪድን ከሚያመጣው ቫይረስ ጋር በአንድ ቤተሰብ ባሉ ቫይረሶች ላይ ሳርስ ከተባለው የመተንፈሻ በሽታ ጊዜ ጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ፣ ሲሠራ ቆይቷል። በየተራ ይሠሩ የነበሩ ደረጃዎች ጎን ለጎን ተሠሩ። የሚታመመው ሰው ብዙ ስለነበር ውጤቱም ቶሎ ታወቀ። በመጨረሻ እማዬ «ይሄን ከወሰድኩ አይዘኝም ማለት ነው?» አለቻት። «ሊይዝዎት ይችላል። ግን ከከባዱ ሕመምና ከሞት ይጠብቅዎታል። ስኳር ስላለብዎት ነው በተለይ የምንፈልግዎት።» ይሄ ሁሉ ስድስት ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ ብልቃጡን አሳየቻት፣ መርፌውን ከማሸጊያው ፊቷ አወጣች፣ ወጋቻት። እማዬ «አለቀ?» ብላ ዞረች።

ጉድለቱንም ልናገር። ከተከተቡ በኋላ 15 ደቂቃ የሚቆዩባት ክፍል ጠባብ ናት፤ መስኮቷም ዝግ ነበር። በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ ክትባት የሚሰጥበት ቦታ እንዲህ መሆን የለበትም። ጠይቄ ራሴ ከፈትኩት። የክትባት ካርዱ ላይ የሁለተኛው ዙር ቀጠሮ አይነበብም ነበር፤ ሳትወጡ አስነብቡት። በስልክ እናስታውሳለን ያሉት መልእክትም አልመጣም። ለአዛውንት ሁለት ወር አልፎ የሚመጣ ቀጠሮን ማስታወስ ቀላል አይደለም።

ያን ሌሊት እማዬን አተኮሳት፣ ብርድ ብርድ አላት። ሲስተሯ ቀድማ ስለነገረችን አልደነገጥንም። ፓራሲታሞል ወሰደች፤ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ተነሳች። ባይነገረን ኖሮ ያ ትኩሳት ሁለተኛውን ዙር ያስቀርብን ነበር።

በአሥረኛው ሳምንት ተመለስን። ሲስተሯ የለችም፤ ሌላ ባለሙያ ነበር። ሥራውን በደንብ ሠራ፤ ግን ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። እማዬ ቅር አላት። እኔም ቅር አለኝ። እንዲህ ዓይነት ሥራ በአንድ ሰው ደግነት ላይ ብቻ መንጠልጠል የለበትም።

ተራችንን ስንጠብቅ ግን አጠገባችን አንዲት ሴት ቦርሳዋን እቅፍ አድርጋ ተቀምጣ ነበር። ሁለቴ ተነስታ ሁለቴ ተቀመጠች። እማዬ አየቻትና እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን አሳየቻት። «ይኸው፣ እዚህ ጋ ነው የተወጋሁት» አለቻት። «የሚያሳስብሽን ጠይቂያቸው፤ አይቆጡሽም።»