«ሬጅስትሪው ቆሽሿል» ለሚል ጥገና ቤት ገንዘብ አትክፈሉ

ባሕር ዳር ውስጥ ላፕቶፕ ዘግይቶባችሁ ወደ ጥገና ቤት ልትሄዱ ያሰባችሁ ሰዎች መጀመሪያ ይህን አንብቡ። በተለይ መመረቂያ ጽሑፍ የያዛችሁ የፔዳና የፖሊ ግቢ ተማሪዎች። ኮፒና ጽሕፈት ቤት ያላችሁም፣ በኮምፒውተር ሒሳብ የምትሠሩም። ሰሞኑን የሚሸጥልን አንድ «አገልግሎት» አለ። «ሬጅስትሪው (የዊንዶውስ የሴቲንግ መዝገብ) ቆሽሿል፣ እናጽዳልህ» ይሉናል። ዋጋው እንደ ሰዉ ነው፤ ሦስት መቶ የሚጠራም አለ፣ ስምንት መቶ የሚጠራም አለ። አንድ ብር አይገባውም። ባስ ሲል ደግሞ ደህናውን ማሽን ያበላሻል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ላፕቶፑን ይቀበሏችኋል። ከፍላሽ ላይ አንድ ፕሮግራም ይጭናሉ፤ ብዙውን ጊዜ ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ያለ ፈቃድ እንዲሠራ የተሰበረ ነው። ስካን ያደርጋሉ። ቁጥሩ በቀይ እየጨመረ ይሄድና «አንድ ሺህ ምናምን ኤረር ተገኝቷል» ይላል። ከዚያ ስክሪኑን ወደ እናንተ ያዞሩታል። ንግዱ ያለው እዚያ ማዞሩ ላይ ነው። ያን ሁሉ ቀይ አይቶ «ይቅርብኝ» የሚል ሰው የለም።

ዓባይ ማዶ አንዲት የማውቃት ሴት አለች። ጽሕፈት ቤት አላት፣ ጎን ለጎን የትንንሽ ነጋዴዎችን ሒሳብ ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ትሠራለች። ኮምፒውተሯ ተንቀራፈፈባትና ጥገና ቤት ወሰደችው። ልጁ ስካኑን አሳያትና «እህቴ፣ ይሄን ሁሉ ቆሻሻ ተሸክሞ እንዴት ይፍጠንልሽ?» አላት። ከፈለች። የዚያን ቀን ማሽኑ ፈጠነላት። በነጋታው ፒችትሪው አልከፈትም አለ። ፕሪንተሩም ያለ አይመስልም፤ ኮምፒውተሩ ጭራሽ አላውቀውም አለ። ተመልሳ ሄደች። «ዊንዶውሱ አርጅቷል፣ ፎርማት ያስፈልገዋል» ተባለች። ለፎርማቱ ደግሞ ሌላ ሒሳብ። ያበላሸው ሰው ለማበላሸቱም ለመጠገኑም ተከፈለው ማለት ነው።

«ፈጠነላት ብለሃል፣ ስለዚህ ሠርቷል» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ልጁ ሥራውን ሲጨርስ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጎታል። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ በብዙ ላፕቶፖች ላይ ሻት ዳውን ስንል ማሽኑ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። የውስጡን ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ነው የሚያድረው፣ በነጋታው ቶሎ እንዲነሳ። ከዜሮ የሚያስጀምረው ሪስታርት ነው። ለሳምንታት ሪስታርት ያልተደረገ ኮምፒውተር አንዴ ሲደረግ ይነቃቃል። ለዚያ ስምንት መቶ ብር አይከፈልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሬጅስትሪ የሚባለው ዊንዶውስ ራሱና የተጫኑት ፕሮግራሞች ሴቲንጋቸውን የሚያስቀምጡበት መዝገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በዊንዶውስ 3.1 ላይ በትንሹ ተጀመረ፤ ከዊንዶውስ 95 ወዲህ ዋናው የሴቲንግ ማኅደር ሆነ። ፕሪንተሩ የትኛው እንደሆነ፣ የወርድ ፋይል ሁለቴ ሲጫኑት በምን እንደሚከፈት፣ የትኛው ፕሮግራም ፈቃድ እንዳለው፣ ኮምፒውተሩ ሲበራ ምን ምን አብሮ እንደሚነሳ፣ ሁሉም እዚያ ተጽፏል። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ግቤቶች አሉት።

ፕሮግራም ስናወጣ አንዳንድ ግቤት ወደኋላ ይቀራል። ይሄ እውነት ነው፣ አልክድም። ግን የቀበሌ መዝገብ ቤትን አስቡ። ከሰፈሩ የለቀቀ ሰው ፋይል መደርደሪያው ላይ ቀርቷል። የእናንተን ፋይል የሚፈልገው ሠራተኛ ቁጥሩን ይዞ በቀጥታ ይሄዳል እንጂ የለቀቁትን ሰዎች ፋይል አንድ በአንድ አይገልጥም። (እውነተኛው ቀበሌ ውስጥ ፋይል ሲፈለግ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፤ እሱን ለጊዜው እንተወው።) ዊንዶውስም የሚፈልገውን ግቤት በአድራሻው ነው የሚያገኘው። ከመዝገቡ ውስጥ አንድ ሺህ ትርፍራፊ ብታነሱለት የምታተርፉት ቦታ በስልክ ካነሳችሁት አንድ ፎቶ ያንሳል።

ማርክ ሩሲኖቪች የሚባል ሰው አለ። የዊንዶውስን ውስጥ ጠንቅቀው ከሚያውቁ ሰዎች አንዱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ማይክሮሶፍት ድርጅቱን ገዝቶ ወደ ቤቱ አስገብቶታል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ስለዚሁ ትርፍራፊ ጽፎ ነበር። የሬጅስትሪ ትርፍራፊ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚኖር ነገር ነው፣ መዝገቡ ክፉኛ ቢያብጥ እንኳ በፍጥነት ላይ የሚያመጣው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም የሚል ነበር ሐሳቡ። ያኔ የነበሩት ማሽኖች ደግሞ ዛሬ እጃችን ላይ ካሉት እጅግ የደከሙ ነበሩ።

ታዲያ ያ ሁሉ ኤረር ከየት መጣ? ፕሮግራሙ ኤረር የሚለው ኤረር ያልሆነውን ነው። የተሰረዘ ፋይል አድራሻ ካገኘ ይቆጥራል። አምና የተከፈተ ዶክመንት ስም ካገኘ ይቆጥራል። ዊንዶውስ ዛሬ የተጫነበት፣ ምንም ያልተነካ ኮምፒውተር ላይ ያንኑ ስካን አስኪዱት። እዚያም ያገኛል። ጥገና ቤቱ ውስጥ ያለውን የራሳቸውን ኮምፒውተር ስካን እንዲያደርጉ ብትጠይቋቸው መልሱ ያስቃችኋል።

ጉዳቱ የሚመጣው ደግሞ ክሊነሩ (ማጽጃው ፕሮግራም) ስለሚገምት ነው። አንድ ግቤት ኤክስተርናል ዲስክ ላይ ያለ ፋይልን ይጠቁማል እንበል። በጽዳቱ ሰዓት ኤክስተርናሉ አልተሰካም። ክሊነሩ «ፋይሉ የለም» ብሎ ግቤቱን ይሰርዘዋል። ማታ ቤት ገብታችሁ ኤክስተርናሉን ስትሰኩ ፕሮግራሙ የነበረበትን ረስቶታል። ሁለት ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት ግቤትም አለ፤ አንዱ ሲወጣ ያ ግቤት ባለቤት የሌለው ይመስላል። ባዶ የሚመስሉም አሉ። አንዳንድ ፕሮግራም የሚያየው ግቤቱ መኖር አለመኖሩን ብቻ ነው፣ ውስጡ ምንም ባይጻፍም። ይህን ሁሉ ከውጭ ሆኖ በእርግጠኝነት መለየት የሚችል ክሊነር የለም።

ክፋቱ ጥፋቱ ወዲያው አለመታየቱ ነው። ዛሬ የተሰረዘው ግቤት የሚፈለገው በወሩ መጨረሻ የደመወዝ ሒሳብ ሲሠራ ሊሆን ይችላል። ያኔ ማን ከጽዳቱ ጋር ያያይዘዋል? ቫይረስ ነው እንላለን፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ መታው እንላለን።

ማይክሮሶፍት ራሱ በዘጠናዎቹ ውስጥ ሬጅክሊን የሚባል ማጽጃ ነበረው። ትቶታል። ዛሬ አቋሙ ግልጽ ነው፤ ሬጅስትሪ ማጽጃ መጠቀምን አይደግፍም፣ በማጽጃ የመጣ ችግር ይፈታል ብሎም ዋስትና አይሰጥም። አንዳንዱ ጉዳት ዊንዶውስን እንደ አዲስ ከመጫን በቀር መፍትሔ የለውም። ዊንዶውስን የሠራው ኩባንያ ያልደፈረውን ዋስትና ፍላሽ የያዘ ልጅ በቃሉ ይሰጣችኋል።

ይህ ዓይነት ንግድ የእኛ አገር ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ኦፊስ ዲፖ የተባለውን ትልቅ የመደብር ኩባንያና ሰፖርት ዶት ኮም የተባለውን አጋሩን ከስሶ፣ ኩባንያዎቹ በድምሩ 35 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል። ነገሩ ሬጅስትሪን ብቻ የሚመለከት አልነበረም፣ ዘዴው ግን ቁርጥ ይሄው ነው። ደንበኛው ኮምፒውተሩን ለነፃ «የጤና ምርመራ» ያመጣል። መጀመሪያ አራት ጥያቄ ይቀርብለታል፤ ኮምፒውተርዎ ዘግይቷል ወይ፣ ይዘጋል ወይ የሚል ዓይነት። ለአንዱ እንኳ «አዎ» ካለ ፕሮግራሙ የቫይረስ ምልክት እንዳገኘ አድርጎ ያሳያል። ምርመራው ምንም አላገኘም፤ ውጤቱ የተወሰነው በመልሱ ነው። ከዚያ እስከ 300 ዶላር የሚደርስ ጥገና ይሸጥለታል። እዚያ ከሳሽ ተገኘና ገንዘቡ ተመለሰ። እዚህ ብዙዎቻችን መርቀን ነው የምንወጣው።

ማይክሮሶፍትም እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2018 ጀምሮ በነፃ ስካን አድርገው በማስፈራሪያ መልእክት «ግዛ» የሚሉ ማጽጃዎችን የዊንዶውስ የራሱ ጸረ ቫይረስ ዲፌንደር እንደማይፈለግ ሶፍትዌር ቆጥሮ እንዲያስወግድ አድርጓል። ስለዚህ ባለሙያው ፕሮግራሙን ከመጫኑ በፊት ዲፌንደሩን ሲያጠፋ ካያችሁት «ለምን አጠፋኸው?» በሉት።

ክራክ የተደረገው ነገር ለብቻው ያስፈራኛል። በዓለም የታወቀው ማጽጃ ሲክሊነር እ.ኤ.አ. በ2017 ሰርጎ ገቦች 5.33 በተባለው ዕትሙ ውስጥ ጎጂ ኮድ ደብቀውበት ነበር። ያ ዕትም 2.27 ሚሊዮን ያህል ኮምፒውተሮች ላይ ተጭኖ ተገኝቷል። ያውም ከኩባንያው ከራሱ ድረ ገጽ ወርዶ። ከሱቅ ሱቅ በፍላሽ የሚዞረው፣ ማን እንደከፈተው ማን እንደዘጋው የማይታወቀው ኮፒ ውስጥ ምን እንዳለ እናንተ ገምቱ። በዚያ ላፕቶፕ ላይ ነው የባንክ አካውንታችሁን የምትከፍቱት።

ላፕቶፑ በትክክል ለምን እንደዘገየ ማወቅ ከባድ አይደለም። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ምንም ሳትሠሩ ዲስክ የሚለው መቶ ፐርሰንት ላይ ተቸክሎ ከቀረ፣ ውስጥ ያለው የሚሽከረከረው የድሮ ሃርድ ዲስክ መሆኑን ጠርጥሩ። በኤስኤስዲ (በማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ማስቀየር ገንዘብ ያስወጣል፣ ግን ለውጡን ቁጭ ብላችሁ ታዩታላችሁ። ወርድ ለመክፈት ሻይ የምታስፈላ ማሽን ወዲያው ትከፍታለች። ለጽዳት የምትከፍሉትን እያጠራቀማችሁ ለዚህ አውሉት ባይ ነኝ።

ሜሞሪ የሚለው ሁሌ ሞልቶ ከታየ ራም አንሷል። 4 ጊጋ ራም ይዞ ክሮም ላይ ሃያ ገጽ መክፈት ማንንም ያንቀራፍፋል። ስታርትአፕ የሚለውን ክፍል ደግሞ እዩት፤ የማታውቁት ፕሮግራም ሁሉ ማሽኑ ሲበራ አብሮ እየተነሳ ነው። የማትፈልጉትን «ዲሴብል» በሉት። ፕሮግራሙ አይጠፋም፣ ካልጠራችሁት አይነሳም ብቻ ነው። ሲ ድራይቭ ከሞላ ዊንዶውስ ውስጥ ያለው የራሱ የስቶሬጅ ማጽጃ ጊዜያዊ ፋይሎችን በነፃ ያነሳል። እሱ ሬጅስትሪን አይነካም።

ሙቀትንም አትርሱ። ጣና ዳር የተቀመጠ ሰው እንኳ ጥላ በሚፈልግበት በሚያዝያ ቀትር፣ ማራገቢያው በአቧራ የታፈነ ላፕቶፕ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። እውነተኛ ጽዳት ይሄ ነው፤ ከፍቶ አቧራውን ማስወጣት። ለዚህ የሚከፈል ገንዘብ አይቆጨኝም።

ቀድሞ ተጸድቶላችሁ ችግር ካያችሁ፣ ሌላ ማስተካከያ ፕሮግራም አትደርቡበት። ክሊነሩ ከመሰረዙ በፊት ባክአፕ አስቀምጦ እንደሆነ አስፈልጉ፤ ካለ ይመለሳል። ሲስተም ሪስቶር ክፍት ከነበረ ወደ ቀድሞው ቀን መመለስ ይቻላል፣ ግን በብዙ ማሽን ላይ ጠፍቶ ነው የሚገኘው። ዊንዶውስ ድሮ የሬጅስትሪውን ቅጂ ራሱ ያስቀምጥ ነበር፤ ከዊንዶውስ 10 ዕትም 1803 ጀምሮ ይህን በራሱ ማድረግ አቁሟል። ስለዚህ «ዊንዶውስ ራሱ ቅጂ ይይዛል» ቢሏችሁ አትመኑ። «ፎርማት» የሚል ቃል ከሰማችሁ ደግሞ ከሁሉ በፊት ጽሑፋችሁን፣ ፎቶውንና የሒሳብ ፋይሉን ኤክስተርናል ላይ አስወጡ። ዴስክቶፕ ላይ ያለው ሲ ድራይቭ ውስጥ ነው፤ አብሮ ይሄዳል።

ሌላም አለ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምንገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠናል። ነጋዴውም ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ምን ሊሠራ እንደሆነ ጠይቁ፤ የትኛው ፕሮግራም፣ ፈቃድ ያለው ነው ወይ፣ ከተበላሸ ማን ይጠግናል። የተሠራውን ደረሰኙ ላይ በስሙ እንዲጽፍላችሁ አድርጉ። «ሬጅስትሪ ጽዳት» ብሎ ለመጻፍ ካቅማማ ላፕቶፓችሁን ተቀብላችሁ ውጡ። ከግሽ ዓባይ እስከ ፔዳ በር ሌላ ጥገና ቤት ሞልቷል።