እናቴን ከነማንነቷ ሆስፒታል ላደረሰችልን የማታ ተረኛ ሲስተር

ይህን ጽሁፍ ለመጨረስ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። በጀመርኩት ቁጥር እንባዬ ይቀድመኛል። አሁን እናቴ ከሆስፒታል ወጥታ ወደምትኖርበት ማዕከል ተመልሳለች፣ ትናንትም "ፀጉርሽን ምን ነካው?" ብላ ተቆጥታኛለች። እሷ ከተቆጣች ድናለች ማለት ነውና ልጻፍ። የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ወላጅ ያላችሁ ሁሉ እባካችሁ አንብቡልኝ።

እናቴ 84 ዓመቷ ነው። የመርሳት ሕመም ጀምሯታል። በቀኝ ጆሮዋ ጭራሽ አትሰማም፣ በግራው የምትሰማው በመሣሪያ ነው። ግን ሰው ታውቃለች፣ ትጫወታለች፣ ትቀልዳለች።

በፊት የነበረችበትን ቦታ ስም አልጠራም። አንድ ሌሊት ወድቃ በአምቡላንስ ወደ ድንገተኛ ክፍል ላኳት። አብሯት የሄደ ሰው የለም። ወረቀት የለም። መነጽሯ፣ የመስሚያ መሣሪያዋ፣ ሰው ሠራሽ ጥርሷ፣ ሁሉም አልጋዋ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ቀሩ። ለእኔ የደወለልኝም የለም። በማግስቱ ልጠይቃት ስሄድ ነው "እሳቸውማ ማታ ሄደዋል" የተባልኩት። ሆስፒታል ስደርስ አልጋዋ ላይ ተኮራምታ፣ ከንፈሯ ደርቆ አገኘኋት። ሌሊቱን ሙሉ በቀኝ ጆሮዋ በኩል ሲጠይቋት አድረው ዝም ስትላቸው "ድሮም እንዲህ ናቸው" ብለው አስበዋል። በሐኪሞቹ አልፈርድም፤ የነገራቸው ሰው የለም። ደም ማቅጠኛ እንደምትወስድ እንኳ አያውቁም ነበር። ጭንቅላቷን ተመትታ የነበረች ሴት! እሱን የነገርኳቸው እኔ ነኝ፣ ያን ጊዜ ነው ለጭንቅላት ምርመራ እየሮጡ የወሰዷት። እግዚአብሔር ይመስገን ደም አልፈሰሰም። ጥርሷ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ከዚያ በኋላ ሌላ ማዕከል ፈልጌ አዛወርኳት። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያም እናቴን ሰው እጅ ላይ ጥያት ሄድኩ የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። ከዚያች ሌሊት በኋላ ደግሞ ስልኬ ማታ በጠራ ቁጥር እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

አሁን ወደ አዲሱ ማዕከል ሲስተር ልምጣ። እናቴ ሁልጊዜ ማታ ማታ፣ ሲስተር መድኃኒት ይዛ ስትገባ "ልጆችሽ ደኅና ናቸው?" ትላታለች። አንድ ቀን ማታ አልጠየቀቻትም። በቃ፣ ይኸው ነው። ትኩሳት የላትም፣ አላሳላትም፣ አመመኝም አላለችም። ሌላ ሰው ቢሆን "ዛሬ ደክሟቸዋል" ብሎ መብራቱን አጥፍቶ ይወጣ ነበር። ሲስተር ግን ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። አተነፋፈሷን ቆጠረች፣ ጣቷ ላይ በሚደረገው መሣሪያ ኦክስጅኗን ለካች፣ ከዚያ ተረኛ ሐኪሙ ጋ ደወለች። አምቡላንሱ ሳይደርስ ለእኔም ደወለች። "እማዬ ዛሬ እንደ ትናንቱ አይደሉም፣ አይደንግጥሽ፣ ግን ሆስፒታል ድረሽ" አለችኝ። ድምጿ ውስጥ ችኮላ አልነበረም፤ እኔን ያቆመኝም እሱ ነው።

ድንገተኛ ክፍል ስደርስ ያየሁትን አልረሳውም። ወጣቱ ሐኪም በግራ ጆሮዋ በኩል ጎንበስ ብሎ፣ በስሟ ጠርቶ እያናገራት ነው። መሣሪያው ጆሮዋ ውስጥ፣ መነጽሯ ዓይኗ ላይ። በማን ተነግሮት? አልጋው ላይ ስሟ የተጻፈበት ቦርሳ ነበር፣ እጁ ላይ ደግሞ የሲስተር ወረቀት። የሚሰማው ጆሮ የትኛው እንደሆነ፣ የምትወስዳቸው መድኃኒቶች፣ ደም ማቅጠኛውን በስንት ሰዓት እንደዋጠች፣ የማይስማማት መድኃኒት፣ የእኔ ስልክ። ከላይ በትልቁ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ "እስከ ትናንት ሰው ያውቁ ነበር፣ ይጫወቱም ነበር። የዛሬው መደናገር አዲስ ነው።"

ሐኪሙ ያቺን መስመር በጣቱ እያሳየኝ "ሥራችንን የቀየረችው ይቺ ናት" አለኝ። የሳንባ ምች ነበር። በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ትኩሳትም ሳል ሳይኖር ድንገተኛ መደናገር ብቻ ሆኖ ሊመጣ እንደሚችል ያን ሌሊት ነው የሰማሁት። የቀረውን የሕክምና ነገር ቢያስረዱኝም አልገባኝም። የገባኝ በቶሎ መድረሷ ነው። ሲስተር ደግሞ ጠዋት ከተረኝነት ስትወጣ ወደ ቤቷ ከመሄዷ በፊት ሆስፒታሉ ጋ ደውላ ስለ እናቴ ጠይቃለች። ማንም አላዘዛትም።

እናቴ ወደ ማዕከሉ ስትመለስም በር ላይ የተቀበለቻት ሲስተር ናት። አዲሱን የመድኃኒት ዝርዝር ከድሮው ጋር አንድ በአንድ አመሳክራ፣ አንድ ዓይነት መድኃኒት በሁለት ስም ተጽፎ አገኘች፤ ሐኪሙ ጋ ደውላ አሳረመችው። እናቴ ከአልጋዋ ሆና "ልጆችሽስ?" አለቻት። ሲስተር ፊቷን አዞረች፣ እኔ ግን ዓይኗን አይቻለሁ።

ስለ ቦርሳው ስጠይቃት፣ እንግሊዝ አገር ሰተን በሚባል የለንደን ክፍል በአውሮፓውያኑ 2015 የተጀመረ የቀይ ቦርሳ አሠራር እንዳለ ነገረችኝ። ወረቀቱ፣ መድኃኒቱ፣ መነጽሩ፣ ሲወጡ የሚለበሰው ልብስ ሳይቀር ከአረጋዊው ጋር ሄዶ ከአረጋዊው ጋር ይመለሳል። እንዲህ ቀላል ነገር ነው! በፊት ግን ለእናቴ ማንም አላሰበላትም።

ሲስተር ደግሞ ሁሉን ይዛ ወደ ሆስፒታል የምትሮጥ አይደለችም። ከዚያ በፊት እናቴን ትንሽ ሲያማት ሐኪሙን ወደ ማዕከሉ አስጠርታ እዚያው በአልጋዋ አሳክማታለች። ገና ስንገባም እናቴን ራሷን ቁጭ አድርጋ "ቢያምዎት ምን እንድናደርግ ይፈልጋሉ?" ብላ ጠይቃ ጽፋለች። እኔ ልጇ ጠይቄያት የማላውቀውን።

እባካችሁ፣ ወላጆቻችሁ ያሉበት ቦታ ዛሬ ደውሉ። "ሌሊት ቢያማት ምን ወረቀት ይዛ ትሄዳለች? ለእኔ ማን ይደውላል? መነጽሯና የመስሚያ መሣሪያዋስ?" ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌላቸው ወረቀቱን ራሳችሁ ጽፋችሁ አልጋዋ ራስጌ ስቀሉት። ቦታ እየፈለጋችሁ ከሆነ ደግሞ ይህች ሲስተር ያለችበትን ማዕከል ደግሜ ደጋግሜ እጠቁማለሁ። ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ለምናኛለች። በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ ግን አድራሻውን እሰጣለሁ፣ ሌሊትም ቢሆን እመልሳለሁ።